የወለል ዓሣ የጽዳት ሠራተኛ አይደለም

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከሦስት ሰዎች ደረሰኝ። የወለል ዓሣ፣ ማለትም ታች ወለሉ ላይ የሚኖር ዓሣ፣ ለአኳሪየም (ዓሣ ለምናሳድግበት መስታወት) «ነፃ የጽዳት ሠራተኛ» ነው የሚል ነው። ሦስቱም «እውነት ነው እንዴ?» ብለው ነው የላኩልኝ። አንዷ ግን የጠየቀችኝ ዓሣውን ገዝታ ቤቷ ካስገባች በኋላ ነው።

ጸሐፊው በቅንነት እንደጻፉት ይገባኛል። ሰው ቤቱ ውስጥ ዓሣ እንዲያሳድግ ማበረታታታቸውንም እወድላቸዋለሁ። ችግሩ፣ ምክራቸውን እንዳለ የተከተለ ሰው ብዙ ሳይቆይ የሞተ ዓሣ ማውጣት ይጀምራል። እኔም ስጀምር ከእነዚህ ምክሮች ሁለቱን ተከትዬ ዓሣ ገድያለሁ። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ያሏቸውን እየጠቀስኩ ልመልስ።

መጀመሪያ የጻፉት ይህን ነው፦ የወለል ዓሣ የሌሎቹን ዓሦች እዳሪ ይበላል፤ ስለዚህ ለብቻው መመገብ አያስፈልግም፤ ውሃ የመቀየሩም ሥራ ይቀንሳል።

ቤት ውስጥ ከምናሳድጋቸው የወለል ዓሦች መካከል በእዳሪ የሚኖር የለም። የሚለቅሙት ከላይ የወረደ ፍርፋሪ ነው። ያንን ከበሉ በኋላ ደግሞ እነሱም ይጸዳዳሉ። በዚያ ላይ ማንኛውም ዓሣ በስንጥቡ በኩል ቀን ከሌሊት አሞኒያ ወደ ውሃው ይለቃል። አሞኒያ ለዓሣ መርዝ ነው። የፊልተሩ (የውሃ ማጣሪያው) ስፖንጅ ላይ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች መጀመሪያ ወደ ናይትራይት፣ ቀጥሎ ወደ ናይትሬት ይቀይሩታል። ናይትሬቱን ከመስታወቱ ውስጥ የምናስወጣው ግን እኛው ነን፣ ውሃ በመቀየር። እኔ በየሳምንቱ ሩቡን እቀይራለሁ። አንድ ዓሣ ሲጨመር ይህ ሥራ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም።

«መመገብ አያስፈልግም» የምትለዋ ደግሞ ከሁሉም ታሳዝነኛለች። ከላይ የሚዋኙት ዓሦች ምግቡን ገና ሳይወርድ ይጨርሱታል። ታች ያለው ቀኑን ሙሉ ወለሉን ሲፈትሽ ይውላል። ባለቤቱ አይቶት «እያጸዳልኝ ነው» ይላል። ዓሣው ግን ርቦት ነው። እባካችሁ ጎንበስ ብላችሁ ሆዱን ከጎን እዩት። ጠግቦ የሚያድር ዓሣ ሆዱ ሞላ ያለ ነው። ወደ ውስጥ ከገባ ተርቧል ማለት ነው።

መላው ቀላል ነው። ማታ መብራቱን ካጠፋችሁ በኋላ ወደ ወለሉ የሚሰምጥ ምግብ ጣል አድርጉ። የላይኞቹ ሲተኙ የታችኞቹ ይወጣሉ። አትክልት ለሚወዱት ደግሞ ዝኩኒ በስሱ ቆርጣችሁ፣ ፈላ ውሃ ውስጥ አንድ ሁለት ደቂቃ ነከር አድርጋችሁ፣ ሹካ ላይ ሰክታችሁ ወለሉ ላይ አስቀምጡት። ኪያርም ይሆናል። ጠዋት ትራፊውን አውጡ፣ አለዚያ ውሃውን ያበላሻል።

ቀጥለው ጢም ያለው ሁሉ «ካትፊሽ» ነው፣ አፉ መስታወት ላይ የሚጣበቅ ሁሉ «ሳከር» ነው፣ አያያዛቸውም ያው ነው ይላሉ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የሌሎቹ ስህተቶች ሁሉ ሥር ይህ ነው። ዓሣው ማን እንደሆነ ሳያውቁ እንዴት እንደሚያዝ ማወቅ አይቻልም። ሱቅ ውስጥ የሚነገራችሁ ስም ብዙ አይረዳም፤ አንዱ ስም ለአራት ዓይነት ዓሣ ይውላል። ቀለምም ያሳስታል። ዓሣ ሲደነግጥ ይገረጣል፣ ሲያድግም መልኩ ይለወጣል። አፉ ግን አያታልልም። አፉን ስታዩ ምን እንደሚበላ ታውቃላችሁ። የሚበላውን ካወቃችሁ ደግሞ ምን ዓይነት ወለል፣ ምን ያህል ቦታ፣ እንዴት ያለ ጎረቤት እንደሚፈልግ ለማወቅ መንገዱ አጭር ነው።

ከኮሪዶራስ ልጀምር፣ እኔ በጣም የምወደው እሱን ነው። የደቡብ አሜሪካ ዓሣ ነው። አብዛኛው ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር የሚሆን፣ ድንቡሽቡሽ ያለ። ጎኑን በቅርበት ብታዩት ቅርፊት የለውም። በቅርፊት ፋንታ ሁለት ረድፍ የአጥንት ጥሩር ለብሷል። አፉ ወደ ታች የዞረች ትንሽዬ ናት፣ ዙሪያዋን አጫጭር ጢም አላት። ሲበላ ማየት አይጠገብም። አፍንጫውን እስከ ዓይኑ ድረስ አሸዋው ውስጥ ይቀብረዋል። ከዚያ አሸዋውን አፉ ሙሉ ዝቆ፣ የሚበላውን አስቀርቶ፣ የቀረውን በስንጥቡ በኩል ያወጣዋል። ብናኙ ከጉንጩ ሥር እንደ ጢስ ሲወጣ ይታያል። እንዲህ ያለ አፍ ያለው ዓሣ አሸዋ ይፈልጋል። ይህን ለማወቅ መጽሐፍ መክፈት አያስፈልግም።

የፕሌኮ ወገን ሌላ ነው። እሱም ጥሩር ለባሽና ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ነው፤ ግን አፉ ክብ መምጠጫ ነው። መስታወቱ ላይ ሲጣበቅ ከውጭ ሆናችሁ ብታዩት፣ ከከንፈሩ መሃል በረድፍ የተደረደሩ ጥቃቅን ጥርሶች አሉት። እየፋቀ ነው የሚበላው። ስለዚህ የሚፋቅ ነገር ይፈልጋል፦ እንጨት፣ ድንጋይ፣ አልጌ (ድንጋይና መስታወት ላይ የሚበቅለው አረንጓዴ ነገር)፣ አትክልት። አንሲስትረስ የሚባለው ትንሹ ዘመዱ ወንዱ አፍንጫው ላይ ቅርንጫፍ የመሰለ ለስላሳ ሥጋ ያበቅላል። አንዴ ካያችሁት ከሌላ አታምታቱትም።

አሁን የሚያምታታው መጣ። «የቻይና አልጌ በል» እየተባለ የሚሸጠው ዓሣ፣ ጋይሪኖኬይለስ፣ እሱም መስታወት ላይ ይጣበቃል። ግን ካትፊሽ አይደለም። ጢም የለውም፣ ቅርፊት አለው፣ ሰውነቱ ቀጠን ብሎ ረዘም ያለ ነው። የደቡብ ምሥራቅ እስያ ዓሣ ነው። ሕፃን ሳለ አልጌ ይበላል፣ ሰው ይወደዋል። ሲያድግ ከ25 ሴንቲ ሜትር ሊያልፍ ይችላል፣ ጠባዩም ይከፋል። ሰፋ ያለ ጎን ያላቸውን ዓሦች ተለጥፎ ሰውነታቸውን የሚሸፍነውን ዝልግልግ ፈሳሽ ይልጣል። ጸሐፊው ይህንንም ከፕሌኮው ጋር አንድ ላይ «ሳከር» ብለው አልፈውታል። ከወርቃማ ዓሣ ጋር አንድ ላይ ያደረገው ሰው ጠዋት የተላጠ ዓሣ ያገኛል።

ከአፍሪካ የመጣው ሲኖዶንቲስ ሦስት ጥንድ ጢም አለው። የታችኞቹ ጢሞቹ እንደ ላባ ቅርንጫፍ አላቸው፤ መለያው እሱ ነው። ከውሃ ሲያወጡት የጎን ክንፉን እሾህ እያፋጨ ድምፅ ያሰማል። ከኮንጎ ተፋሰስ የመጣው ትንሹ ዝርያ ተገልብጦ ነው የሚዋኘው። ጀርባው ወደ ታች ስለሚሆን ሆዱ ከጀርባው ይልቅ የጠቆረ ነው። የአባይን ሲኖዶንቲስ የጥንት ግብፆች በመቃብር ግድግዳ ላይ እንደተገለበጠ ቀርጸውታል። ተገልብጦ ስታዩት ሞቷል ብላችሁ እንዳታወጡት። የእኛው ጫሞ ሐይቅ ውስጥም የዚህ ወገን ዓሣ አለ።

ኩሊ ሎች ቀጭን፣ ቢጫና ቡናማ ቀለበት ያለበት፣ 8 ወይም 10 ሴንቲ ሜትር የሚሆን የእስያ ዓሣ ነው። እባብ ይመስላል፣ ማንንም አይነካም። የአኳሪየሙ ክዳን ክፍተት ካለው ግን ወጥቶ የቤቱ ወለል ላይ ደርቆ ታገኙታላችሁ።

አምባዛን ለብቻው የማነሳው ጸሐፊው «ከሐዋሳ ወይም ከዝዋይ የአምባዛ ጫጩት ማስመጣት ይቻላል» ስላሉ ነው። አምባዛ ግሩም ዓሣ ነው፣ እኔም አከብረዋለሁ። ግን እሱም ቢሆን አፉን እዩት። ከራሱ ፊት ለፊት እስከ ዳር የሚከፈት ሰፊ አፍ ነው። አራት ጥንድ ረጅም ጢም፣ ጠፍጣፋ ራስ፣ እስከ ጭራው የሚደርስ የጀርባ ክንፍ አለው። ይህ አፍ ፍርፋሪ አይለቅምም፣ ይውጣል። አብረውት ያሉትን ዓሦች አንድ በአንድ ይጨርሳቸዋል። ሲያድግ ደግሞ ከ1 ሜትር ሊያልፍ ይችላል። የሳሎን ዓሣ አይደለም።

ሦስተኛው ነጥብ ዓሣ እንደ ቤቱ ስፋት ያድጋል የሚለው ነው። ይህን ብዙ ሰው ያምነዋል።

ሱቅ ውስጥ 5 ሴንቲ ሜትር ሆኖ የምታዩት የተለመደው ፕሌኮ ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ያድጋል። ከ10 ዓመት በላይም ይኖራል። በብዙ ሰው ቤት የሚገኘው አኳሪየም ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 30 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። 35 ሴንቲ ሜትር የሆነ ዓሣ እዚያ ውስጥ እንዴት ይዞራል? ጠባብ ቦታ ያለ ዓሣ ዕድገቱ ሊዘገይ ይችላል፣ እሱ ልክ ነው። የሚዘገየው ግን ቦታው ስለበቃው አይደለም። ውሃው በራሱ ቆሻሻ ስለተበከለና ጭንቀት ስለበዛበት ነው። ዕድሜው ያጥራል። ለትንሽ አኳሪየም አንሲስትረስ ይሻላል፣ 12 ወይም 15 ሴንቲ ሜትር ላይ ይቆማል። ከአልጌ ጋር ለሚታገል ሰው 4 ሴንቲ ሜትር የምትሆነዋ ኦቶሲንክለስም አለች። እሷን ግን አዲስ በተሞላ ውሃ አታስገቧት፤ የምትፍቀው አልጌ ገና ስላልበቀለ በረሃብ ትሞታለች።

አራተኛው፣ «ለአንድ አኳሪየም አንድ የወለል ዓሣ ይበቃል»። ለወንድ አንሲስትረስ አዎ፣ ከሌላ ወንድ ጋር በጠባብ ቦታ ይጣላል። ለኮሪዶራስና ለኩሊ ሎች ግን አይሆንም። የመንጋ ዓሦች ናቸው። ብቻውን የሆነ ኮሪዶራስ ጥግ ይይዛል፣ ከእንጨቱ ሥር አይወጣም። ስድስት ሲሆኑ ያ ፈሪ ዓሣ ሌላ ፍጥረት ይሆናል። አንዱ ሲነሳ ሁሉም ይነሳል፣ አንዱ ሲያርፍ ሁሉም ጎን ለጎን ያርፋል።

አምስተኛውን ስጽፍ አሁንም ያመኛል። ጸሐፊው ማንኛውም ጠጠር ለወለል ይሆናል፣ ከግንባታ ቦታ በነፃ የተገኘም ቢሆን፣ ይላሉ።

እኔም ያደረግኩት ይህንኑ ነው። ሰፈራችን ቤት ሲሠራ ከተራገፈው ክምር ዜሮ ዜሮ የሚባለውን የተፈጨ ጠጠር በባልዲ አምጥቼ አጥቤ አነጠፍኩ። ጥቁር ነው፣ ያምራል። አራት ኮሪዶራሶች ነበሩኝ። ከሁለት ወር በኋላ አንዱ ፊት ለፊት መስታወቱ ጋ መጥቶ ሲቆም ፊቱን አየሁት። ጢሙ የለም። ከንፈሩ ዳር ላይ ቀላ ያለ ጉቶ ብቻ ቀርቷል። የሌሎቹንም አየሁ። የአንዱ ግማሽ ነው፣ የአንዱ በአንድ ወገን ብቻ አለ። ምግብ ጣልኩላቸው። መጡ፣ ሸተታቸው፣ ግን አፋቸውን ጠጠሩ ላይ ሊያሳርፉ ሲሉ እያፈገፈጉ ይመለሳሉ። በማሽን የተፈጨ ድንጋይ ጠርዙ ስለት ነው። በዚያ ላይ ክፍተቱ ውስጥ የገባው ፍርፋሪ ይበሰብሳል፣ የቆሰለውን ጢም ደግሞ ባክቴሪያው ይጨርሰዋል። ሁለቱ ሞቱ።

ለተረፉት ሁለቱ የወንዝ አሸዋ አነጠፍኩላቸው። ጢማቸው ቀስ በቀስ መልሶ በቀለ፣ እንደ ድሮው ግን አልረዘመም።

አሸዋ ስትመርጡ ጣታችሁ መሃል አሹት። የሚቧጭር ከሆነ ተዉት። ከዚያ ትንሽ በሲኒ አድርጋችሁ አቼቶ ጠብ አድርጉበት። ከፈላ የኖራ ዘር አለበት፣ ውሃውን ያጠጥረዋልና አይሆንም። ካልፈላ በሳፋ አድርጋችሁ ውሃው እስኪጠራ ደጋግማችሁ እጠቡት። ሳሙና እንዳይነካው። ሦስት ጣት ያህል ውፍረት ይበቃል። ለመደበቂያ ያልተቀባና ያልተሟሸ አዲስ የሸክላ ድስት ስባሪ፣ ስለቱን በድንጋይ ሞርዳችሁ፣ ደፍታችሁ አስቀምጡላቸው። የተሟሸ ድስት ዘይት ጠጥቷልና ውሃውን ያበላሻል።

ስድስተኛው ላይ ጸሐፊው ግማሽ እውነት ይዘዋል። የወለል ዓሣ ድንገት ወደ ላይ ተወርውሮ አየር ጎርሶ ከተመለሰ ውሃው ሞቷልና ሙሉውን ቀይሩ ይላሉ።

ኮሪዶራስ አየር መጎረሱ ተፈጥሮው ነው። የጎረሰውን አየር ይውጠዋል፣ ከአንጀቱ ኋለኛ ክፍል ኦክስጅኑን ይወስዳል። በጥሩ ውሃ ውስጥም አልፎ አልፎ ያደርገዋል። አምባዛም ከስንጥቡ በላይ ለዚሁ የተሠራ አካል አለው፤ ገበያ ላይ ከውሃ ወጥቶ ያን ያህል ጊዜ የሚቆየው ለዚህ ነው። ስለዚህ መጎረሱ ብቻውን አያስደነግጥም። የሚያስደነግጠው ሲደጋገም ነው። በደቂቃ ውስጥ ሦስት አራቴ ከወጣ፣ ወይም ሁሉም በአንድ ጊዜ ከጀመሩ፣ ኦክስጅን አንሷል ወይም ስንጥባቸው ተጎድቷል።

ይህ ነገር አዲስ አበባ ላይ የበለጠ ይመለከተናል። ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ብለን ነው የምንኖረው። የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻ ከተማ ሲነጻጸር ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ውሃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም በዚያው ልክ ያንሳል። የውጭ መመሪያዎች «ፊልተሩ ይበቃል» ሲሉ ለእነሱ ይበቃ ይሆናል። እዚህ የአየር ፓምፕ ጨምሩ። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ዝም ብላችሁ አትጠብቁ። አንድ ሌሊት መብራት ሄዶ ስምንት ሰዓት ላይ በስልኬ ባትሪ ሳበራ ሁሉም ላይ ተሰብስበው አየር ሲጎርሱ አገኘኋቸው። በኩባያ ውሃውን እየቀዳሁ ከፍ አድርጌ መልሼ አፈሰስኩ። አሥር ደቂቃ አፍስሼ፣ ሩብ ሰዓት አርፌ፣ እስኪነጋ። አንድም አልሞተም። አሁን በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ ገዝቻለሁ።

ሙሉውን ውሃ በአንዴ መቀየር ግን ከችግሩ የባሰ ነው። ሙቀቱም ኬሚካሉም በአንድ ጊዜ ይለወጥባቸዋል። የቧንቧ ውሃችን ደግሞ ክሎሪን አለው፤ ስንጥባቸውን ያቃጥላል፣ የፊልተሩንም ባክቴሪያ ይገድላል። ሩቡን ወይም ቢበዛ ግማሹን ቀይሩ። የምትጨምሩትን ውሃ ቀድማችሁ በባልዲ አድርጋችሁ፣ የአየር ድንጋይ (የፓምፑን አየር በአረፋ የሚበትነውን) ከታችሁበት፣ አንድ ቀን አሳድሩት። ከሮቶ የምትቀዱ ከሆነም ያው ነው፣ መቼ እንደተሞላ አይታወቅም።

ቅዝቃዜንም በዚሁ ላንሳ፣ ጸሐፊው ጨርሶ አልነኩትም። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊቱ ሲበርድ ሂተር (የውሃ ማሞቂያ) የሌለው አኳሪየም ይቀዘቅዛል። ኩሊ ሎች ከ24 ዲግሪ በታች አይመቸውም። ሂተር ስትገዙ ለአንድ ሊትር ውሃ አንድ ዋት ያህል አስቡ። ሂተር መግዛት ላልቻለ ሰው ነጠብጣቡ ኮሪዶራስ፣ ፓሌያተስ የሚባለው፣ ይሻላል። ዳርዊን በቢግል መርከብ ጉዞው ከሰበሰባቸው ዓሦች አንዱ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1842 ነው በሳይንስ ስም የወጣለት። ከደቡብ አሜሪካ ቀዝቀዝ ካለው ክፍል ስለመጣ 18 እና 20 ዲግሪ ይችላል።

ሰባተኛው የጨው ነገር ነው። ለማንኛውም ሕመም አንድ እፍኝ ጨው ጨምሩ ይላሉ። ጨው ለአንዳንድ ሕመም ተመዝኖ፣ ለተወሰነ ቀን፣ በተለየ ዕቃ ይሰጣል። በእፍኝ አይደለም። ሎቾች ቅርፊታቸው በጣም ደቃቅ ስለሆነ መድኃኒት ይከብዳቸዋል፤ መዳብ ያለበትን መድኃኒት በተለይ። መጀመሪያ የውሃውን አሞኒያና ናይትራይት ለኩ። ብዙ ጊዜ ሕመሙ ያለው እዚያ ነው።

ዓሣ ለማውጣት በመረብ ጥለፉ ያሉትንም ላርም። ኮሪዶራስና ሲኖዶንቲስ የጀርባና የጎን ክንፋቸው ላይ የሚቆለፍ እሾህ አላቸው። መረብ ውስጥ ሲገቡ ይቆልፉታል፣ ከዚያ መረቡን በመቀስ ካልቆረጣችሁ አይለቁም። እጅ ከወጋም ያቃጥላል። በኩባያ አባብላችሁ ያዟቸው።

የመጨረሻውን ሆን ብዬ ነው ለመጨረሻ ያቆየሁት። ጸሐፊው ዓሣው ካደገባችሁ ወስዳችሁ ቢሾፍቱ ወይም ሐዋሳ ሐይቅ ልቀቁት፣ ነፃነቱን ያገኛል፣ ይላሉ።

ፕሌኮን እንዲህ የለቀቁት ሰዎች በሌላ አገር ያደረሱትን እናውቃለን። በሜክሲኮ ኢንፊየርኒዮ በሚባለው ግድብ ውስጥ ብዙ ቲላፒያ (እኛ ቆሮሶ የምንለው ዓሣ ወገን) ይጠመድ ነበር፣ ብዙ አስጋሪ የሚተዳደረው በእሱ ነበር። ፕሌኮው ገብቶ ከተራባ በኋላ መረቡ ውስጥ የሚገባው ይህ ጥሩር ለባሽ ዓሣ ሆነ። እሾሁ መረቡን ይቀዳዋል። ወንዱ ለእንቁላሉ ብሎ ዳርቻውን ይቦረቡራል፣ አፈሩ ይናዳል። በአሜሪካ ፍሎሪዳም ውስጥ ዳርቻውን እንዲሁ ይቦረቡራል። የእኛ ሐይቆች ላይ ቆሮሶና አምባዛ እያጠመደ ልጆቹን የሚያሳድግ ሰው አለ። ጣና ውስጥ ደግሞ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ ዓሦች አሉ፣ ወለል ላይ የሚኖሩት ጋራ የሚባሉት ሳይቀሩ። ያደገባችሁን ዓሣ ትልቅ አኳሪየም ላለው ሰው ስጡ ወይም ለሱቅ መልሱ።

ስለዚህ ጸሐፊውን አንድ ነገር እለምናቸዋለሁ። በሌላው ነጥብ ባንስማማ ችግር የለም፣ እንወያያለን። ሐይቅ ልቀቁት የምትለዋን ዓረፍተ ነገር ግን ዛሬውኑ ያውጡልን።